ፐርሰንትና ደረቁ ጨው

ባለቤቴ ተቀምጦ አንድ ብርጭቆ ሻይ የጨረሰበትን ቀን አላስታውስም። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ብርጭቆውን ይዞ እስከ መስኮቱ ይሄዳል፣ እዚያው ይረሳዋል፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ሻዬን ማን አነሳው ይላል። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው የለም። ከተጋባን ሃያ ስድስት ዓመታችን ነው። ቁጭ ብድጉን ለምጄዋለሁ ብል ግን ውሸት ነው፤ ዛሬም ያናድደኛል።

በሚሠራበት ሆስፒታል እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው ሁሉም «ፐርሰንት» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ነው አሉ። አንዲት ነርስ ሻይዋ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር ስትጨምር አይቶ፣ ሳይጠየቅ፣ አምስት ፐርሰንት ሆነልሽ አላት። እሷ ሳቀች፣ አጠገቧ የነበሩትም ሳቁ፣ ስሙ በዚያው ተለጥፎበት ቀረ። እሱ በቅጽል ስሙ አልተቀየመም። የከነከነው ሌላ ነገር ነው፤ ከሳቁት ሰዎች አንዱም እንኳ በክብደት ነው ወይስ በይዘት ብሎ አልጠየቀውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋወቅነውም ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። እኔ በኢንች እለካለሁ፣ እሱ በሴንቲሜትር ያስባል። ሜትሬን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና አንዱን ፊት ከሌላው ፊት ጋር ሲያስተያይ፣ ሌሎች ደንበኞች ቆመው ይጠብቁ ነበር። ይህን ሰው የምታገባ ሴት አበሳዋን ታያለች ብዬ በልቤ አዘንኩላት። ግምቴ ልክ ነበር።

እረፍት ያጣው ግን በከንቱ አይደለም። ወጣት ሳለ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ በውሃ የሚበጠብጠው እሱ ነበር። አንድ ቀን ከእሱ ቀጥሎ በፈረቃ የገባው ጓደኛው ወረቀት ላይ «ሃያ» የሚል ቁጥር አገኘ። የተጻፈው ሃያ ግራም በሊትር ለማለት ነው፤ ጓደኛው ሃያ ፐርሰንት ነው ብሎ አሥር እጥፍ አድርጎ በጠበጠው። ጓንቱ ደግሞ ቀዳዳ ነበረው። የሰውየው የእጅ ቆዳ ሲገሸለጥ ባለቤቴ ቆሞ አይቷል። ቁጥሩን የጻፈው እሱ ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ መጻፍ የነበረበትን ቃል ነው የዘለለው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ መለኪያው ያልተጻፈበት ቁጥር ካየ ልቡ አያርፍም። የቀጠሮ ወረቀት ላይ «ሦስት» ተብሎ ቢጻፍለት፣ ሦስት ሰዓት ነው ወይስ ሦስት ቀን ብሎ ከበር የሚመለስ ሰው ነው።

አሁን የሚሠራው የሆስፒታሉ ቅመማ ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ሥራው ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች የደም ማጠቢያ ማሽን የሚሆን ሶሉሽን ማዘጋጀት ነው። ጨው፣ ስኳርና ሌላ ሌላ ነገር በልኩ ተመዝኖ በውሃ ይሟሟል፤ ከዚያ ጄሪካን ውስጥ ተሞልቶ ወደ ማሽኖቹ ይሄዳል፤ ማሽኑ ደግሞ በንጹህ ውሃ ሠላሳ አምስት እጥፍ ያቀጥነዋል። ልኩ ካነሰ በሽተኛው ይጎዳል፣ ከበዛም ይጎዳል።

አንድ ሶሉሽን ስንት መጠሪያ እንዳለው ያወቅኩት እሱን ካገባሁ በኋላ ነው። ማሽኑ ያቀጠነው ውሃ ውስጥ ካልሲየም አለ። ባለቤቴ አንድ ነጥብ አምስት ይለዋል፣ በሚሊሞል መሆኑ ነው። ሐኪሙ ሚሊኢኩቫለንት በሚባል ሌላ መለኪያ ስለሚያስብ ሦስት ይላል። የላቦራቶሪው ሰው ስድስት ሚሊግራም በዴሲሊትር ይላል፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ በሊትር አድርጎ ስድሳ ይለዋል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ውሃ ነው። መጀመሪያ ሲነግረኝ ራሴን አዞረኝ። በኋላ ግን እሱን ራሱን አሰብኩት፦ እህቱ ወንድምዬ ትለዋለች፣ የወንድሜ ልጆች አጎቴ ይሉታል፣ ሆስፒታሉ ፐርሰንት ይለዋል፣ እኔ ስናደድ አንተ ሰው እለዋለሁ። ሰውየው ያው አንድ ነው።

ሞል የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ግን ሦስት ዓመት ፈጀበት። በመጨረሻ የገባኝ በአዝራር ነው። አንድ ደርዘን የካፖርት አዝራርና አንድ ደርዘን የሸሚዝ አዝራር ቁጥራቸው እኩል ነው፣ ሚዛን ላይ ግን አይገናኙም። ሞልም እንደ ደርዘን ነው አለኝ። ቆጠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ጨው ደርዘን የራሱ ክብደት አለው። የዚህን ሁሉ ጨው የደርዘን ክብደት በቃሉ ይዞታል። የጋብቻችንን ቀን ሁለት ጊዜ ረስቷል።

ቅመማ ክፍሉ ውስጥ አንድ ደንብ አውጥቷል፤ ይኮራበታልም። ሁለት ጠረጴዛ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጧል። በአንዱ እሱ በግራም ያሰላል፣ በሌላው የሥራ ጓደኛው በሞል ጀምራ ወደ ግራም ትመጣለች። ሳይተያዩ፣ ሳይነጋገሩ። ሲጨርሱ ወረቀታቸውን እኩል ይገለብጣሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገናኙ ይመዘናል፣ ካልተገናኙ ከአንድ ይጀመራል። ጓደኛው ስድስት ዓመት አብራው የሠራች፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። እሷንም ቤታችን ውስጥ ባለ መነጽሯ ነው የምንላት። አንድ ቀን በነገር መሀል ስለ እሷ ስጠይቀው፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ተከራክራኝ አታውቅም አለኝ። እንደ ሙገሳ ነው የነገረኝ።

አንድ ወንድ ልጅ አለን፣ በሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ልጃችን ኬሚስትሪ ተማረ ቢባልም ያስተማረው አባቱ ነው። ምሳ ሲቀርብ የጨው ውሃ ጥያቄ ይቀርባል፣ ልጁ እስኪመልስ ምሳው ይቀዘቅዛል። ሲመረቅም ባለቤቴ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ደጅ ጠንቶ የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ አስገባው። የሰው አመል በዚህ ይታወቃል፤ ለራሱ አንድ ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ለልጁ ሲሆን እግሩ እስኪቀጥን ዞረ።

ያ ቅዳሜ ታዲያ እንዲህ ሆነ። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ሠርቶ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ምሳውን እንደቆመ በላ ማለት ይቻላል። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ነበር። ሻይ ሰጠሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘና ወደ አፉ ሳያደርሰው ቀጥ ብሎ ቀረ። እንዲህ ሲቆም አይቼው ስለማላውቅ መቀሴን አስቀመጥኩ።

«ባልዲው ይፋጅ ነበር» አለ።

የቱ ባልዲ አልኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ጨርቅ ላይ የማሰምርበትን ጠመኔ አነሳና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የአንድ ልጅ ሱሪ ጫፍ ላይ ጭምር፣ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ሱሪውን ጎትቼ አወጣሁበት። አላየኝም።

ቀስ ብዬ አወጣጣሁት። ነገሩ ይህ ነው። ካልሲየሙ የሚመጣው ከአንድ ነጭ ጨው ነው፣ ካልሲየም ክሎራይድ ይባላል። ለዓመታት የሚመጣላቸው ጨው እያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ውሃ ያዘለ ነው፤ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል እንጂ ውሃው ውስጡ አለ። የዚያ ጨው የደርዘን ክብደት መቶ አርባ ሰባት ግራም ነው። ለመቶ ሊትር ሶሉሽን ሰባት መቶ ሰባ ሁለት ግራም ይገባል። ባለቤቴ ይህን ቁጥር ተኝቶም ይነግራችኋል። አርብ ዕለት አሮጌው በርሜል አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ከሌላ አምራች የመጣ አዲስ በርሜል ተከፈተ። ጨው ትልቁ ታንከር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባልዲ ውስጥ በጥቂት ውሃ ይሟሟል፤ ያኔ ባልዲው ለብ ይላል። ያን ጠዋት ግን እጅ የሚያስለቅቅ ሆነ። እሱ ደግሞ የቧንቧው ውሃ ሞቆ ነው ብሎ አለፈው።

«ውሃ የሌለው ጨው ነው እንደዚያ የሚግለው» አለኝ። «ደረቁ ነው። ደረቁን በእርጥቡ ቁጥር መዘንኩት።»

ይህ ለልብስ ሰፊ ማስረዳት አያስፈልገውም። አንድ ኪሎ እርጥብ ጨርቅና አንድ ኪሎ ደረቅ ጨርቅ ብትሰጡኝ፣ ከደረቁ ብዙ ሱሪ ይወጣል። የደረቁ ጨው የደርዘን ክብደት መቶ አሥራ አንድ ግራም ብቻ ነው። መግባት የነበረበት አምስት መቶ ሰማንያ ሦስት ግራም ነበር። እሱ ሰባት መቶ ሰባ ሁለት አስገባ።

ጠረጴዛዬ ላይ አሰላው። አንድ ነጥብ አምስት የነበረው ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቆሞ አየውና በሐኪሙ መለኪያ አሰላው፤ ሦስት የነበረው ወደ አራት ሆነ። በላቦራቶሪው አሰላው፤ ስድስት የነበረው ስምንት ገደማ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ስድሳውን ጀመረ። በአንዱ መለኪያ ሲሰላ ሰው የሚጎዳ፣ በሌላው ሲሰላ የማይጎዳ ይመስል። በመጨረሻ ጠመኔው ተሰበረ።

ሰው ላይ ምን ያደርጋል አልኩት። ራስ ምታት ያመጣል አለ፣ ያስመልሳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ልባቸው ደካማ የሆኑ አሉ አለ። የጠዋቶቹ የታጠቡት በአርቡ ሶሉሽን ነው፤ የከሰዓት በሽተኞች ማሽን ላይ የሚወጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ሰዓት ከስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ አልፏል ይላል።

ደውል አልኩት። ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። የበርሜሉን መለያ አላየሁትም አለ፤ ያየሁ ይመስለኛል እንጂ አላየሁትም፤ በጥርጣሬ የሰባት ሰው እጥበት ላስቁም? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትዕግሥቴን የጨረሰው ሰው ያን ጊዜ የመጨረሻዋን ጠብታ አሟጠጣት።

«መለያውን እስክታይ ሰው ይሙት?» አልኩት።

ደወለ። የቅመማ ክፍሉ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። የባለ መነጽሯ ስልክ ዝግ ነው፤ ቅመማ ክፍል የሚገባ ሰው ስልኩን ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፣ ይህንንም ደንብ ያወጣው እሱ ነው። የእጥበት ክፍሉ መስመር ደግሞ ተይዟል። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስት ጊዜም ተይዟል። ሲወጣ እግሩን አየሁት፤ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል። ጫማውን በእጄ ይዤ ተከተልኩት።

ታክሲ ውስጥ ያየሁትን አበሳ ለጠላቴ አልመኝም። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ባለቤቴ ጫማውን አጠለቀ፣ ክሩን አሰረ፣ ፈታው፣ እንደገና አሰረ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። በየሁለት ደቂቃው ይደውላል፣ መስመሩ አሁንም ተይዟል። ሹፌሩ በመስታወት እያየው፣ አባባ ወረፋው ለሁላችንም ነው አለው። ባለቤቴ ሰው የሚያስበውን ሁሉ ትቶ ስለ አንድ ነገር ብቻ ያወራል፤ እንዴት ቁጥራችን ተገናኘ? ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስሌት፣ ሁለት ሰው። እኔ ብሳሳት እሷ እንዴት እንደ እኔ ትሳሳታለች?

ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። ጠዋት ቸኩሎ እንደነበር አስታወሰ። ወረቀቷን እስክትገለብጥ አልጠበቃትም። ከወንበሩ ሳይዞር፣ ሰባት መቶ ሰባ ሁለት ነው አይደል ብሎ ጮክ ብሎ ጠየቃት። እሷ አዎ አለች። በቃ፣ መመሳከሩ ይኸው ነበር።

«በራሴ ቁጥር ነው ያመሳከርኩት» አለ። «ከራሴ ጋር ተስማማሁ።»

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር። ፈራሁ፣ ለበሽተኞቹም ፈራሁ፣ ለእሱም ፈራሁ። አንድ ሰው ቢሞት ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር እንኳ እንደማይኖር አውቃለሁ።

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ደረጃውን ሲወጣ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ አይመስልም ነበር። እኔ እጥበት ክፍሉ በር ላይ ደረስኩበት። ሰባቱም ማሽኖች ይዞራሉ። ሰባት ሰው በየወንበሩ ተጋድሟል፣ ደማቸው በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ማሽን ሥር ጄሪካን አለ፣ በእያንዳንዱ ጄሪካን ላይ የዕለቱ ቀንና የባለቤቴ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ወደ መጀመሪያው ማሽን ሄደ። እዚያ የተኛው ጡረታ የወጣ ሹፌር ለዓመታት የሚያውቀው ሰው ነው።

«ፐርሰንት» አለው ሹፌሩ ፈገግ ብሎ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ረስተህ ነው?»

ባለቤቴ ነርሷን ጠርቶ አቁሚው አላት። ነርሷ ግራ ገብቷት ታየዋለች። እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ። ያን ጊዜ ባለ መነጽሯ ከኋላችን ገባች። ጋዋኗ እስከ ክንዷ ድረስ ርሷል።

«ጋሼ፣ አይንኩት» አለችው። «ደህና ነው።»

«ደህና አይደለም። ጨዉ ደረቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«በመቶ አርባ ሰባት ነው ያሰላሁት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ጄሪካኑ ላይ ያለውን ፊርማውን አሳያት። እሷ ወረቀቱን ሳይሆን ወለሉን እያየች፣ «ወረቀቱ የእርስዎ ነው» አለች። «ውስጡ የእርስዎ አይደለም።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ያደረገችውን እዚያ ቆማ ነገረችን። እሱ ከሄደ በኋላ ባልዲውን ልታጥብ ስታነሳ ጠዋት እንዴት ይፋጅ እንደነበር ትዝ አላት። ሄዳ የበርሜሉን መለያ አነበበች፣ ሁለት ውሃ የሚል የለበትም። መቶውን ሊትር በሙሉ ደፋችው። ከአንድ ጀምራ፣ በመቶ አሥራ አንድ አስልታ፣ አምስት መቶ ሰማንያ ሦስት ግራም መዝና አዲስ ሠራች። ስልኩ ሲጠራ ሰምታዋለች፣ እጇ ታንከሩ ውስጥ ስለነበር ትታዋለች። ናሙናውንም ማሽኑ እንደሚያቀጥነው አቅጥና ወደ ላቦራቶሪ ልካ ነበር፤ መልሱን ከኪሷ አወጣች። ስድስት ይላል። ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ በልቡ ወደ አንድ ነጥብ አምስት ሲለውጠው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ተመስገን አልኩ። እሱ ግን የተረጋጋ አልመሰለኝም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «ስልክ አልነበረሽም? ለምን የእኔን ወረቀት ለጠፍሽበት?»

እሷም እየቆራረጠች ነገረችው። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ዓመት በእሱ ስሌት ውስጥ አንድ ነጥብ ያለ ቦታው መቀመጡን አይታ ነግራው ነበር። እሱ ሰው ሁሉ ባለበት ሰሌዳው ላይ እንድታሰላው አደረጋት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ የራሷን ቁጥር እስክትጠራጠር። በመጨረሻ እሷ ልክ ሆነች። እሱ ደህና ገመትሽ ብሏት ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱ አላስታወሰውም፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እሷ የምትቆምበትን የሰሌዳ ጥግ ሳይቀር ታስታውሳለች።

«ስንተኛሽ ነው?» አላት።

መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጠረገች።

«ከዛሬው ጋር አራተኛዬ» አለች።

የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቃት። ወሩን፣ የሶሉሽኑን ዓይነት፣ ስንት ግራም እንደበዛና ስንት እንዳነሰ አንድ በአንድ ነገረችው። ከወረቀት የምታነብ ትመስል ነበር። ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሆስፒታል አንድም ስህተት የለብኝም ብሎ ለእንግዳ የሚያወራ ሰው ነው። የሰው ቅስም ሲሰበር ድምፅ አለው ይባላል፣ እኔ አልሰማሁም። ትከሻው ወረደ፣ ያየሁት ያን ብቻ ነው። ለእሱ አዘንኩ። በእሷም ተናደድኩ፣ የሌላ ሶሉሽን ወረቀት ጄሪካን ላይ መለጠፍ ነውር ነው። በእሱም ተናደድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለታቸውም አለቃው ዘንድ ገብተው አራቱንም እንደሚያስመዘግቡ፣ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ እንደሚሆን ነገራት። ጄሪካኖቹ ላይ ያለው ወረቀት አሁኑኑ በስሟ ይቀየር አለ። እሺ አለችው። ከዚያ ከእኔ በቀር ለማንም የማይለውን ቃል አላት፤ ይቅር በይኝ አላት። እሷም ጋሼ ይተዉ፣ ምንም አይደል አለች፤ ምንም እንዳልነበር ግን ማናችንም አላመንንም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሄዶ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ አሥር ደቂቃ ሄደ፣ አልተነሳም። እግሩ አልተወዛወዘም፣ ጣቶቹ ጉልበቱን አልደበደቡም። አርፎ ሲቀመጥ ማየት ይህን ያህል ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እንሂድ አልኩት። አልሰማኝም።

«አንቺስ?» አለኝ ድንገት።

«እኔ ምን?»

«አንቺ ስንተኛሽ ነው?»

ልዋሸው እችል ነበር። የሚያውቀው ነገር የለም፤ አሳምሬ እዋሽ ነበር፣ ልምዱ አለኝ። ባለ መነጽሯ ስትናገር ግን ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ ላብ የጠመቀኝ። ያደረገችውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሰውየው እንዳይቆጣ፣ እንዳያፍር፣ ነገር እንዳይረዝም እየተባለ በጀርባው የሚሠራውን ሥራ ቤቴ ውስጥ ከእሷ በፊት የጀመርኩት እኔ ነኝ።

«እኔ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ንገሪኝ አለኝ። ከትንንሾቹ ጀመርኩ። ራሱ የሰቀለውን የወጥ ቤት መደርደሪያ እሱ ሥራ ሲሄድ አናጢ ጠርቼ እንደገና እንዳስመታሁት ነገርኩት። ለውሃ ቢሮ የጻፈውን የስድስት ገጽ አቤቱታ ያስገባሁት ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ መሳቢያዬ ነው። እህቱ ከእኛ ጋር የታረቀችው እሱ እንደሚያስበው ስህተቷ ገብቷት ሳይሆን፣ እኔ ሄጄ በእሱ ስም ይቅርታ ጠይቄያት ነው። እየሰማ በእያንዳንዱ ላይ እሺ፣ እሺ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመደርደሪያው ብቻ ሳምንት ያኮርፍ ነበር።

ከዚያ ዝም አልኩ። ዝምታዬን አወቀብኝ።

«ልጁስ?» አለኝ።

የቀለም ፋብሪካውን ትቶ ከወጣ ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገርኩት። ብየዳ ተምሯል፣ በርና መስኮት ይሠራል፣ ደህና ነው፣ ደስ ብሎት ነው የሚኖረው አልኩት። የሚደውልልኝ አንተ ሥራ ላይ ስትሆን ነው አልኩት። ለምን ደበቃችሁኝ ብሎ አልጠየቀኝም። ለምን እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ሰምቶታል።

መሬቱን እያየ ደውይለት አለኝ። ምን ልትለው ነው አልኩት፣ አላውቅም አለ። በእኔ ስልክ ደወልኩና ገና ሲጠራ እጁን ዘርግቶ ወሰደው። ጆሮው ላይ ሲያደርገው አጠገቡ ስለሆንኩ የልጄ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። ከኋላው ብረት ሲመታ ይሰማል፣ ከዚያ ብረቱ ቆመ።

«እማዬ» አለ ልጄ፣ «አባዬ አጠገብሽ የለም አይደል?»

ባለቤቴ ወደ እኔ አላየም።

«አለሁ፣ ልጄ» አለ።

ስልኩን አንዳቸውም አልዘጉትም።